ጋሽ ሰይድ ያመጡት ድንጋይ

ይህን ሳወራ እስካሁን አፍራለሁ። ነቀምቴ ጂኦሎጂ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ነው። ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ገበሬ ቢሮዬ ድረስ መጡ። በአንድ እጃቸው ፌስታል፣ በሌላው ውሃ የሞላ ሃይላንድ ይዘዋል።

እንደ አገሩ ሰው በኦሮምኛ «ባርሲሳ»፣ መምህር ብለው ጠሩኝና፣ «የውሃ ጉድጓድ ስቆፍር ይህ ወጣ» እያሉ ከፌስታሉ አረንጓዴ ድንጋይ አወጡ።

አልማዝ የሚገኝበት ኪምበርላይት ይሆን እንዴ ብዬ ተቀበልኳቸው። እጄ ላይ ተፈረፈረ።

«ኪምበርላይት ከምድር ሆድ ቀልጦ የሚወጣ ጠንካራ ድንጋይ ነው። ይሄ ጭቃ ነው፣ አይረባም» አልኳቸው። ሌላ ነገር ሊሉ ሲጀምሩ ሃይላንዱን ተቀብዬ፣ በመስኮት በኩል እጄን ታጥቤ ሸኘኋቸው።

ከዓመታት በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ ሳነብ ነው ስህተቴን ያወቅኩት። ለካ ኪምበርላይት ውስጥ ውሃ ሲሰርግ ማዕድኑ ይለወጣል፤ አረንጓዴ ይሆናል፣ በእጅ እስኪፈረፈርም ይለሰልሳል። ቢቆጨኝ በማግስቱ አንገር ጉቲን ወረድኩ።

ጉድጓዱ ተደፍኖ በቆሎ በቅሎበታል። የጋሽ ሰይድ ባለቤት ጀሪካን አዝለው ከወንዝ ይመለሳሉ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ስለ ድንጋዩ ተሳስቼ ነበር» አልኳቸው።

ከበቆሎው መሃል ቀና አሉ።

«ድንጋዩን መች ጠየቅኩህ ባርሲሳ? የጉድጓዱ ውሃ እንደ ሳሙና እያሟለጨ ቢያስቸግረኝ፣ ይጠጣ እንደሁ እይልኝ ልልህ ነበር። አይረባም ስትለኝ ጉድጓዱን ደፈንኩት። ያመጣሁልህን ውሃ ደግሞ እጅህን ታጠብክበት።»