አደራ የተሰጠኝ ላም

ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል፤ ልንገራችሁ። ጥሩ የምትባለው እህቴ የልቧ ቫልቭ ጠቦ አዲስ አበባ ለሕክምና ስትሄድ ላሟን አደራ ያለችው እኔን ነው። ጎረቤታችን አያ ሙጨ ለእንዲህ ያለው ሕመም ደረታቸው ተከፍቶ፣ ለወራት ባልዲ እንኳ አላነሡም ነበር።

በታከመች ማግስት ደወለች።

«ወንድምዓለም፣ ደረቴን አልነኩትም። በጭኔ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው የጠበበውን ከፈቱት። ደህና ነኝ።»

«ተመስገን!» አልኋት እንጂ አላመንኋትም። ልብ በጭን በኩል ይታከማል? እኛ አገር ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም፤ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» እየተባለ ነው ሰው ለቅሶ ቤት የሚደርሰው። እየሞተች የምታጽናናኝ መሰለኝ። ላሚቱን ባየሁ ቁጥር እንባየ እየቀደመኝ ሲያስቸግረኝ፣ ወረታ ገበያ ነድቼ ለማላውቀው ነጋዴ ሸጥኋት።

በታከመች በስድስተኛው ቀን ጥሩ ከባጃጅ ወረደች። ድሮ ከደጅ እስከ በረት ሁለቴ ቆማ የምትተነፍሰው ሴት አንዴም ሳታርፍ በረቱ ደረሰች። ባዶውን አይታ ሳቀች።

«ሜዳ አሰማራሃት? ሐኪሙን መጀመሪያ የጠየቅሁት መቼ ማለብ እንደምችል ነው። ‹በሳምንትሽ› አለኝ። ነገ እኮ ሳምንቴ ነው።»