ድምፅ ብቻ ነው ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ለደም ግፊቴ ክትትል ሰቆጣ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ተራዬን ስጠብቅ በተከፈተ በር በኩል አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንዲት አሮጊት ስታለማምድ አየሁ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ የአሮጊቷን ቁርጭምጭሚት ይዛለች፤ የምታዋራቸው በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነው። «ወደኔ ይግፉት፣ አሁንም፣ ጎሽ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ይገፋሉ። አጠገቤ ለተቀመጡት ሰዎች ነገሩ ምንም አልነበረም። እኔ ግን ስሜ ሁለት ጊዜ ሲጠራ አልሰማሁም። ነርሷ ግፊቴን ለክታ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ነካዎት? በጣም ጨምሯል» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት?

አጎቴ አያ ሞላ ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። አባቴ በሕፃንነቴ ስለሞተ ፃግብጂ ወዳለው ቤታቸው ወስደው ከልጃቸው ከአበባ ጋር በአንድ ገበታ አሳደጉኝ። ንብ ያረቡ ነበር። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛን የተማሩት ከጎለመሱ በኋላ፣ ማር ይዘው ከገበያ ገበያ ሲዞሩ ነው። እንዲያም ሆኖ አቀላጥፈው ይናገሩት ስለነበር አማርኛ የማይሰማ ገበሬ ችሎት ሲቆም «አያ ሞላን ጥሩልኝ» ይላል። እሳቸውም ሥራቸውን ጥለው ይሄዱለታል። የሰውን ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ በማድረስ የተመሰገኑ ነበሩ።

እኔ ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ከአገሬ ርቆ በሚገኝ ትልቅ ከተማ መምህርነት እማራለሁ። የመጀመሪያው ሰሞን ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ብስት ተማሪው ሁሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ አገሬን ለጠየቀኝ ሁሉ «ወልድያ» እያልኩ መመለስ ጀመርኩ። አነጋገሬን አረምኩ። ኽምጣኛ የሚባል ነገር ሰምቼ እንደማላውቅ ሆንኩ። ማንንም የማትጎዳ ትንሽ ውሸት ናት ብዬ ነበር።

በጥቅምት፣ ማር በሚቆረጥበት ወራት፣ አያ ሞላ ከቀፏቸው አጠገብ ወደቁ። ዘመድ በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ ድረስ አወጣቸው፤ ከዚያ እኔ ያለሁበት ከተማ ሆስፒታል አደረሷቸው። ያመጧቸው ሰዎች አዝመራቸው ሜዳ ላይ ስለነበር በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። አስታማሚው እኔ ሆንኩ።

ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ብሏል፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ያስደነገጠኝ ግን የአማርኛቸው መጥፋት ነው። ያ ሁሉ አማርኛ ታጥቦ ሄዶ የቀረላቸው የእናታቸው ቋንቋ ብቻ ነበር። እሱም ይኮላተፋል፤ ላዳመጠው ሰው ግን ይገባል።

ከጎናችን ባለው አልጋ የሰናይት እናት ተኝተዋል፤ የእሳቸውም ሕመም ያው ነው። ሰናይት የከተማው ልጅ ናት፣ እኩያዬ። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ፍርፍር በሳህን ይዛ ትመጣና ታካፍለኛለች። አገሬን ስትጠይቀኝ ለእሷም «ወልድያ» አልኳት፤ አያ ሞላንም «የሩቅ ዘመድ ናቸው» አልኩ። አያ ሞላ ሲናገሩ፣ «ምን እያሉ ነው?» ብትለኝ ትከሻዬን ሰበቅሁ። እሷ ወጣ ስትል ግን ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብዬ በኽምጣኛ፣ «ውኃ ላምጣልዎ? ላገላብጥዎ?» እላቸዋለሁ። ያኔ ፊታቸው ይበራል። በር ሲንኳኳ እኔ ዝም እላለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ማለማመጃው ክፍል ወሰድኳቸው። ይዘው የሚሄዱባቸው ሁለት ረጃጅም ብረቶች አሉ፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ መስታወት ተሰቅሏል። ሰናይትም እናቷን ይዛ እዚያው ነበረች። ፊዚዮቴራፒስቷን ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት፤ ደግ ሴት ነበረች።

«አባቴ፣ ግራ እጅዎን ያንሱልኝ።»

አያ ሞላ እጃቸውን አላነሱም።

«እሺ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ አዩዋት። የቀኝ እግራቸውን መዳፍ በአውራ ጣቷ ስትጫነው ግን ድንገት በኽምጣኛ ተናገሩ። አንዴ ወደሷ አንዴ ወደኔ እያዩ ደጋገሙት።

ሲስተር ቀና አለች። «ይኼ ቋንቋ ነው ወይስ ድምፅ ብቻ? በሽታው አንዳንዴ ትርጉም የሌለው ነገር ያናግራል። አንተ ይገባሃል?»

ሰናይት ከመስታወቱ ዞር ብላ እያየችኝ ነበር።

«አይ» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። «ድምፅ ብቻ ነው።»

አያ ሞላ ያሉት፣ «እግሬ ይሰማኛል፤ ስትነካኝ ይሰማኛል በላት» ነበር።

አማርኛው ይግባቸው አይግባቸው አላውቅም፤ ራሴን ስነቀንቅ ግን አይተዋል። አፋቸውን ዘጉ።

ሲስተር ካርዳቸው ላይ ጻፈች። «የሚባሉትን የማይረዱ ከሆነ ብረቱ ላይ ማቆም ያሰጋል፤ ይወድቃሉ» አለችኝ። «አንተ አልጋቸው ላይ እጅና እግራቸውን እያጠፍክ ዘርጋላቸው።» የብረቱ ተራ ለሌላ ሰው ተሰጠ። የሰናይት እናት ብረቱን ይዘው መጀመሪያ ሁለት እርምጃ፣ ከሳምንት በኋላ ዳር እስከ ዳር ሄዱ። ሰናይት አለቀሰች፤ እኔም አጨበጨብኩላት። አያ ሞላ ጣራ ጣራውን ያያሉ።

ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ቀኑ ሄደ። አንድ ቀን ጨክኜ የሲስተርን በር አንኳኳሁ። «ምን ፈለግህ?» አለችኝ። «አዘረጋጉን ረስቼው ነው» አልኳት። ምሳዋን አቋርጣ፣ ሳትሰለች፣ እንደገና አሳየችኝ።

ከወር በኋላ እንደመጡ በቃሬዛ ወደ ፃግብጂ ተመለሱ። ሁለት ክረምት ተኝተው ቆዩ። አንደበታቸው ቀስ በቀስ ተፈታ፤ ከአበባ ጋር በኽምጣኛ ይጫወታሉ፣ ጎረቤት ይመክራሉ። እኔ ለእረፍት መጥቼ ስገባ ግን ጨዋታው ይቆማል። «አያ ሞላ፣ እንዴት ሰነበቱ?» እላቸዋለሁ፣ በኽምጣኛ። የማያውቁት ቋንቋ የሰሙ ይመስል ዝም ብለው ያዩኛል። እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቃል አልመለሱልኝም። ለአበባም ምንም አልነገሯትም።

ብናገር ኖሮ ይድኑ ነበር? ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረኝ አይችልም። ከሰላሳ ዓመት በላይ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ፤ ስንት ጊዜ ልጆች ፊት ቆሜ ስለ እውነት ተናግሬያለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ተርጉም ተብዬ እምቢ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ለቄስ ተናዝዣለሁ፤ ቄስ ግን የሚፈታው የእግዜርን ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ ግፊቴን ተለክቼ ከሆስፒታሉ እንደወጣሁ ወደ አበባ ቤት ሄድኩ። ዛሬ ሰቆጣ ነው የምትኖረው፤ እሷም አርጅታለች። ልነግራት ቆርጬ ነበር። ስገባ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው እህል ይለቅማሉ። ብድግ ብላ መቀመጫዋን ለቀቀችልኝና፣ «ይኼ ነው የምላችሁ ወንድሜ» አለቻቸው። «አባቴን በሰው አገር ብቻውን ያስታመመልኝ።»

ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ።