ሳልፈታው የመለስሁት ቋጠሮ

ቀሚስ አልወድም። ልጅ ሆኜም አልወድም ነበር፣ ዛሬም አልወድም። ስሞት ገናዦቹ እንዳሻቸው ይጠቅልሉኝ፤ ያን ጊዜ አልከራከርም። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ግን ልብሴ ሱሪና ኮት ነው።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል ያገሬ ሰው። የኔው ለጥምቀት ተሰፋ፣ የተበጣጠሰውም በጥምቀት ነው። እናቴ ፈትላ ያሰፋችልኝን ቀሚስ አጥልቄ ከቤት ወጣሁና ከአጥሩ ጀርባ አወለቅሁት። እሾሁ ላይ ሰቅዬ የወንድሜን ሱሪ ለብሼ ወደ ወንዙ ወረድሁ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ የዚያን ቀን ታቦቱን የተሸከሙት እሳቸው ነበሩ። ታቦት የተሸከመ ካህን አፍ አውጥቶ አይቆጣም። ሰው መሀል አዩኝ፣ ዓይናቸው እግሬ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ አለፉ። ማታ የደረሰብኝን ቁጣ አልረሳሁትም። ግን ያን ቀን የማስታውሰው በደስታ ነው። ያን ሱሪ ለብሼ ሰው መሀል ስቆም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውነቴ የራሴ ሆነልኝ። ቀሚሱንማ ሳወርደው እሾሁ ቦጫጭቆት ነበር።

ካደግሁ በኋላ ደብረ ታቦር ወርጄ ጎሚስታ ቤት ሥራ ለመድሁ፣ ኋላም የራሴን ከፈትሁ። ሾፌሮች ሲመጡ «ወንድሜ፣ እስቲ ይችን ጎማ እያት» ይሉኛል። ድምፄን ሲሰሙ ክው ይላሉ፤ ጎማው ተለጥፎ ሲነፋ ግን ድንጋጤው ይለቃቸዋል። አንዳንዱ መኪናው ከተነሣ በኋላ በመስኮት ይሰድበኛል። እሱም ጎማው ሲተነፍስ ተመልሶ ይመጣል፣ እኔም እለጥፍለታለሁ። ከሰዳቢ ጋር ስጨቃጨቅ ብውል ሥራዬን ማን ይሠራልኛል?

ከአባቴ ጋር የተጣላነው ጸጉሬን ተቆርጬ የመጣልኝን ባል እምቢ ያልሁ ጊዜ ነው። «መጽሐፍ ይከለክላል። በዚህ ልብስ ደጄን እንዳትረግጪ» አሉኝ። «እሺ» አልሁ። ደጅዎን አልረግጥም ማለቴ እንጂ ልብሴን እለውጣለሁ ማለቴ አልነበረም፤ እሳቸውም ገብቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ እናቴን የማገኛት በገበያ ቀን ነው። ድንች ይዛልኝ ትመጣለች፣ ቆማ ኮሌታዬን ታስተካክልልኛለች፣ ስለ ሱሪው አንድ ቀን እንኳ ተናግራኝ አታውቅም። አባቴን ግን ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ አላየኋቸውም። ናፈቁኝ፤ ምን ይደበቃል፣ በጣም ናፈቁኝ።

እንዲህ እያለን ታናሽ እህቴ ልትዳር ሆነ። እናቴ ማሳ ስትውል በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ደውላ «አንቺ ካልቆምሽልኝ ምኑን ሰርግ ሆነ!» አለችኝ።

«እመጣለሁ» አልሁ።

«በምን?» አለች ቀስ ብላ።

«በሱሪዬ ነዋ።»

«አባዬስ?»

«ከበር ከመለሱኝ እመለሳለሁ። አንቺን ግን ከአጥር ውጭ ሆኜም ቢሆን አይሻለሁ።»

ሰርጉ ሲቃረብ ሁለት ሽማግሌዎች ሱቄ ድረስ መጡ። አንዱ ጎረቤታችን ናቸው፣ ሌላው ከአባቴ ጋር የሚያገለግሉት የደብራችን መሪጌታ። አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጥኋቸው። መሪጌታው ጉልበታቸው ላይ በነጠላ የተቋጠረ ነገር አኑረዋል።

«ይኸን እናትሽ ፈትላዋለች። አባትሽ ደግሞ ‹ይኸን ለብሳ ትምጣ› ብለዋል» አሉኝ።

ይኸን የሰማ ሰው ሌላ ምን ይገምታል? በእኛ አገር ልጅ ሊዳር ሲል እናት ለቤተሰቡ ሁሉ ትፈትላለች፤ ለወንዱ ጋቢ ይሸመናል፣ ለሴቷ ቀሚስ። ጋቢ በብርድ ጊዜ ሴትም ቤቷ ውስጥ ትደርባለች፣ ለሰርግ ግን ጋቢ አጣፍቶ የሚቆመው ወንድ ነው። ቋጠሮውን ገና ሳየው በዓይኔ ላይ የመጣው ያ የጥምቀት ቀሚስ ነው። እጄን አልዘረጋሁለትም።

«ይውሰዱልኝ» አልሁ።

«አንድ ቀን እኮ ነው የኔ ልጅ» አሉ ጎረቤታችን።

«አንድ ቀንማ ከሆነ አንቱም የሚስትዎን ቀሚስ ይልበሱልኝና አብረን እንሂድ።»

ጎረቤታችን ሳቃቸው አመለጣቸው። መሪጌታው ግን ፊታቸውን አኮማትረው «አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ። ቀሚስ ብትለብሺ ምንሽ ይጎድላል?» አሉኝ።

«ሁሉም ይጎድላል፣ መሪጌታ። አባዬን አከብራቸዋለሁ፣ ስለዚህ አላታልላቸውም። ቀሚስ ለብሼ ‹እሺ ብያለሁ› ብዬ ብገባ በማግስቱ ሱሪዬን ለብሼ እወጣለሁ። ምን ጥቅም አለው?»

ሻይ ጠጡ፣ ቋጠሮውን ይዘው ተመለሱ።

በማግስቱ እህቴ ደወለች። እያለቀሰች ትቆጣኛለች። «ለመሆኑ ፈትተሽ አይተሽዋል?»

«ምኑን አየዋለሁ፣ ቀሚስ አላውቅም?»

«አንቺ ደንቆሮ» አለችኝ። እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ጀምራ ነገረችኝ። የፈተለ ያውቃል፤ የቀሚስ ፈትል እንደ ጸጉር ይቀጥናል፣ የጋቢው ይወፍራል። እናቴ ክረምቱን ስትፈትል የወንድሜን ጋቢ ጨርሳ፣ የእህቴንም ቀጭኑን ፈትል ጨርሳ፣ እንደገና ወፍራም ጀመረች። አባቴ ምድጃ ዳር ተቀምጠው እንዝርቷን ሲያዩ ቆይተው «ይኸኛው ደግሞ ለማን ነው?» አሉ። እናቴ ቀና ሳትል «ለትልቋ» አለቻቸው። አባቴ ዳዊታቸውን አንሥተው መድገም ጀመሩ። እናቴም መፍተሏን አላቆመች።

ፈትሉ ሲያልቅ አባቴ፣ ማንም ሳይልካቸው፣ ራሳቸው ተሸክመው ሸማኔው ዘንድ አደረሱት። ከዚያ እህቴን አስከትለው ገበያ ወረዱና ልብስ ሰፊው ዘንድ ገቡ። ለጋቢው የሚሆን ነጭ ሱሪና እጀ ጠባብ አዘዙ። ሰፊው «ልኩንስ?» አላቸው። ትንሽ አሰቡና ጥምጥማቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ። «ቁመቷ የእኔው ነው። እኔን ለካኝ» አሉት። ገበያተኛው እያየ ቄሱ ለሴት ልጃቸው ሱሪ ተለኩ።

«እና ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«‹ስትፈታው ትየው› ብለው ከለከሉኛ።»

«ሲመለስባቸው ምን አሉ?»

«‹እንግዲያስ እኛንም አትፈልገንም› ብለው ጓዳ ሰቀሉት።»

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ደጄን እንዳትረግጪ ሲሉኝ እንዲህ አልሆንሁም። ያን ጊዜ የተገፋሁት እኔ ነበርሁ፣ መገፋትን ደግሞ ለምጄዋለሁ። አሁን የተገፉት እሳቸው ናቸው፤ ለልጃቸው ብለው ገበያ መሀል ከተለኩ በኋላ። መጀመሪያ ሽማግሌ ልላክ ብዬ ነበር፣ ተውሁት። ሽማግሌ የወሰደውን ቋጠሮ እኔው ሄጄ በአፌ እጠይቃለሁ አልሁ። በሩን ከዘጉብኝም እዚያው ይዝጉብኝ።

የሰርጉ ዕለት ማለዳ ሱቄን ዘግቼ መኪና ተሳፈርሁ። የጉና ተራራ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። መንገዱ ሲያልቅ ወርጄ በእግሬ ወጣሁ። የለበስሁት ያንኑ የሥራ ሱሪዬን ነው፤ አጥቤዋለሁ፣ የግራሶው እድፍ ግን አለቅ ብሎኛል። በመንገዴ የአክስቴ ቤት አለ። ገብቼ ቀሚስ ብዋስ ማንም ምንም አይለኝም ነበር። አላንኳኳሁም።

ዳሱ ተጥሎ ሰዉ ሞልቷል። አባቴ በሩ ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። ሸብተዋል። ደጁን እንዳልረግጥ የተባለው ቃል አልተነሣልኝም፣ ስለዚህ ከደጁ መለስ ብዬ ቆምሁ።

«አባዬ፣ ቋጠሮዬን ልወስድ ነው የመጣሁ» አልሁ።

«አልፈልግም ብለሽ መለስሽው።»

«ቀሚስ መስሎኝ ነው።»

አተኩረው አዩኝ። «ቀሚስ ቢሆን ኖሮስ?»

አንዲት ለስላሳ ቃል ብናገር ሁሉ ነገር እንደሚያልቅ ገብቶኛል። «ቀሚስ ቢሆን ኖሮ ዛሬም አልለብሰውም ነበር፣ አባዬ።»

እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደዱና መስቀላቸውን አወጡ። ሊገዝቱኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። መስቀሉ ግንባሬን ነካኝ፣ ከዚያ ከንፈሬን። የእጃቸውን ሽታ እንኳ ረስቼው ኖሯል፤ እዚያው ቆሜ አለቀስሁ።

«በይ ግቢ። አሳላፊ አንሶናል» አሉኝ።

እናቴ ጓዳ ውስጥ ቋጠሮውን ፈታች። ሱሪው ቁመቱ ልክክ አለ፣ ወገቡ ግን ሰፋኝ። እናቴ መቀነቷን ፈትታ ልታስርልኝ ስትል «እሱስ የሴት ነው» ብላት እየሳቀች በወንድሜ ቀበቶ አጠበቀችልኝ። ጋቢውን ወንዶች እንደሚያጣፉት ራሷ አጣፋችልኝ፣ ኮሌታዬንም እንደ ልማዷ አስተካከለች። እህቴ ከነሙሽራ ልብሷ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቅም አለች።

ከወንዶቹ ጋር ወጥ ማሳለፍ ጀመርሁ። መሪጌታው ዘንድ ስደርስ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ወደ አባቴ ዞሩ። «ቄስ፣ ያ ተሸክመነው የዞርነው ቋጠሮ ይኸ ነው?»

«እሱ ነው» አሉ አባቴ።

«መጽሐፉስ ምን ይላል?»

በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ መጉረሱን ተወ። ጭልፋውን ወደ ወጡ መለስሁት።

«የሚለውን አውቃለሁ፣ አንብቤዋለሁ» አሉ አባቴ። «ያሰፋሁት እኔ ነኝ፣ የተለካሁትም እኔ ነኝ። ጥያቄ ያለው ነገ መጥቶ እኔን ይጠይቅ። አሁን ወጡ ሳይበርድ ይብሉ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ጨምሪላቸው እንጂ» አሉኝ። መሪጌታው ፈቀቅ ብለው ለእጄ ቦታ ለቀቁልኝ፣ እኔም ጨመርሁላቸው።