በረጋ ዘይት ውስጥ የተያያዙት ብናኞች

ከጅግጅጋ መናኸሪያ ጀርባ ባለው ብየዳ ቤት በኩል ባለፍኩ ቁጥር ፍሌክስ የሚሉት መቁረጫ ብረት ሲቆርጥ የሚተወው ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይቀራል። የተቃጠለ፣ ምላስ ላይ እንዳስቀመጡት ሳንቲም ያለ ሽታ ነው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ይሮጣል፤ እኔ እቆማለሁ። ቲቸር ስለሺ የብረት ብናኝ የሚለምነው እዚያ ቤት ነበር።

በ2011 ሰባተኛ ክፍል ስገባ አባቴ ከሞተ ገና አንድ ክረምት ማለፉ ነበር። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ ባቢሌን ካለፈ በኋላ ተገለበጠ። ለቅሶ ቤቱ ሲናጥ እኔ አላለቀስኩም። ጥርስ ሊነቅሉ ሲሉ ድድ የሚያደነዝዙበት መርፌ አለ አይደል? እኔን መላ ሰውነቴን የወጉኝ ይመስል ነበር። ከዚያ መናገርም ተውኩ። አኩርፌ አይደለም፤ የሚነገር ነገር ጠፋኝ። ጎረቤት መንፈስ ነው አለ፣ ጠበል ተረጨሁ፣ በረደኝ፣ ሌላ ለውጥ አልነበረውም። እናቴ ከእኔ አትሻልም ነበር። ስለ ሽንኩርትም ስለ ውሃም ታወራለች፤ የአባቴን ነገር ግን ሰው ሲያነሳ ብድግ ብላ ወደ ጓሮ ትወጣለች። በመጨረሻ ወሰነች፦ እስከ ገና አፌን ካልከፈትኩ ትምህርቱ ይቀርና ባቢሌ አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ። አክስቴ ኦቾሎኒ ትነግዳለች፤ ኦቾሎኒ መልቀም ደግሞ አፍ አይፈልግም ተባለ። መማር እወድ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሂጂ ሲሉኝ እንኳ አልከፋኝም። አሁን ሳስበው የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ አለመከፋቴ።

ቲቸር ስለሺ የፊዚክስ መምህራችን ነበር። የደብረ ብርሃን ሰው ነው ግን ብዙ ዓመት ያስተማረው ደወሌ ላይ ስለነበረ ብርዱን ረስቶታል። ጅግጅጋም እንደ ደወሌ ይሞቃል ብሎ እጅጌ ጉርድ ሸሚዙን ይዞ መጣ። ኅዳር ላይ የሰው ጃኬት ለብሶ ታየ፣ ትከሻው ላይ የሚንዘላዘል። ኪሱ ውስጥ ጠመኔ፣ ሽቦ፣ ከተሰበረ ሬዲዮ የተፈታ ማግኔት አይጠፋም። ሲናገር ጮክ አይልም፤ እኛም ያን ሁሉ ልጅ ሆነን እሱን ለመስማት ዝም እንል ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ማለዳ የሻይ ብርጭቆ በወረቀት ሸፍኖ ገባ። ማታውን ቤቱ ሆኖ የብረት ብናኝ ከዘይት ጋር አዋህዶ አዘጋጅቷል። ወረቀቱን ሲያነሳ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በቤታችን ሁሉ የሚታወቀው የሚረጋው ዘይት ነው፤ በታኅሣሥ ብርድ አድሮ እንደ ቅቤ ነጭ ሆኗል፣ ብናኙ ጥቁር አዝሙድ መስሎ ውስጡ ተይዟል። የጅግጅጋ ሕፃን የሚያውቀውን እሱ አላወቀም። አጠገቤ የምትቀመጠው ሆዳን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

“ደወሌ ዘይት ረግቶብኝ አያውቅም” አለ፣ ለራሱ ይመስላል።

የእኔ ቦታ መስኮቱ ጥግ፣ ፀሐይ ያለበት ነበር። መጥቶ ማግኔቱን ከብርጭቆው ሥር አደረገና ሁለቱንም በእጄ አስያዘኝ፤ እስኪቀልጥ እንድይዘው ብቻ ነገረኝ። ሌላው ሰው ሁሉ አጠገቤ ሲደርስ አፌን ነበር የሚያየው፣ ይከፈት ይሆን እያለ። እሱ ወደ ሰሌዳው ተመለሰና ቀጠለ። ማግኔት ሲቀርባት እያንዳንዷ ብናኝ ራሷ ትንሽ ማግኔት ትሆናለች አለ። ጎን ለጎን ሲቆሙ ይገፋፋሉ፤ የአንዷ ራስ የሌላዋን ጅራት ሲያገኝ ይሳሳባሉ። በዓይን የማይታዩ፣ ማግኔትነታቸው የራሳቸው የሆነ ብናኞችም አሉ፤ እነሱን ማንም አያሰልፋቸውም። የፈሳሹ ሙቀት ዘወትር ያንገላታቸዋል፤ መሳሳባቸው ከመንገላታቱ ከበረታ ፈሳሹ ውስጥ ተፈላልገው ሰንሰለት ይሠራሉ፣ ካልበረታ ይበታተናሉ።

ብርጭቆው ቀዝቃዛ ነበር፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። ዘይቱ መጀመሪያ ከዳር በኩል ጠራ። ከዚያ አንዷ ብናኝ ዞረች። ሌላዋ ከሥሯ ሄዳ ተገጠመች፣ ሌላም መጣች። ቀጭን ክር ከብርጭቆው ወለል ተነሥቶ ቆመ።

“ተያያዙ” አልኩ።

ድምፄ ሻካራ ነበር፣ የሌላ ሰው መሰለኝ። ሆዳን “አባዮ!” ብላ ክንዴን ያዘች፣ እህቴ ማለቷ ነው። ቲቸር ስለሺ ከሰሌዳው ፊቱን አላዞረም።

“ምናቸው ከምናቸው?” አለ።

“ራሷ... ከጅራቷ።”

“ጥሩ” ብሎ ጻፈው። ትምህርቱን ቀጠለ። ጭብጨባ ቢያዝልኝ ኖሮ ተመልሼ ዝም የምል ይመስለኛል።

በቀጣዩ ዓመት ወደ ሽንሌ ተዛወረ። ሰኔ ላይ ሲሰናበተን እጁን ጨብጬ ወጣሁ፤ ያኔም ብዙ አልተሰማኝም። አንዳንድ ነገር ዘግይቶ ነው የሚደርሰኝ። ያለበትን አላውቅም፤ ምን እንደተወልኝ ግን አውቃለሁ።

ያን የታኅሣሥ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና የሚረጋው ዘይት ቀልጦ ብናኞቹ እንዴት እንደተሰለፉ ነገርኳት። ጎን ለጎን ለምን እንደማይሆኑ፣ ሙቀቱ ሲበዛ ለምን እንደሚለያዩ፣ ጉሮሮዬ እስኪያመኝ አወራሁ። እጇ ምስሩ ውስጥ ቆሞ ቀረ። አላቀፈችኝም፣ እልልም አላለችም።

“አባትሽም እንደዚህ ነበር” አለች። “የሞተር ነገር ማስረዳት ከጀመረ እራቱ ይቀዘቅዝ ነበር።”

ከዚያ ስለ እሱ ጠየቅኳት፤ ወደ ጓሮ አልወጣችም። ሁለታችንም አላለቀስንም። ምሳ ሳንበላ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እጠይቃለሁ።