ሰባት ቤት እና የጥንቱ ጋሪ

ያኔ በስደት አገር ቀን ቀን ቤልቪው ከተማ የቢሮ ሰዎችን መኪና አቆማለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ኮሌጅ እማራለሁ። የቋንቋ ታሪክ የወሰድኩት ሰዓቱ ስለተመቸኝ እንጂ ወድጄው አልነበረም። አንድ ቀን አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ «ካሮስ» ብላ ጻፈችና ከፊቱ ኮከብ አደረገችበት። ኬልት የሚባሉ የጥንት የአውሮፓ ሕዝቦች ጋሪን የጠሩበት ቃል ነው አለች። ኮከቡ፣ ቃሉ ተጽፎ እንዳልተገኘ ምልክት ነው። ሊቃውንቱ የደረሱበት ከልጆቹ ተነስተው ነው፤ አይሪሾችና ዌልሶች ወርሰውታል፣ ሮማውያን ተውሰውታል፣ በሮማውያን በኩል የእንግሊዝኛው «ካር» መጥቷል። «ካርጎ» እና «ቻርጅ» ሳይቀሩ የልጅ ልጆቹ ናቸው ስትል ገረመኝ። የስንቱን ዘር ሳናውቅ ቤታችን አስገብተናል።

የራሴን ዘር ግን በቅጡ አላውቅም። የማገባት ልጅ አባት የቡልጋ ሰው ናቸው፤ የእኔም አባት ከዚያው ነው። በሰባት ቤት ውስጥ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። «ሶ፣ ሰባት ካልቆጠርክ አባዬ ኦኬ አይልም» ብላኛለች። አባቴ ሞቷል፤ ደውዬ ያገኘኋቸው ዘመዶች ከአምስተኛው አላለፉም። ጓደኛዬ «ሁለት ስም ጨምርና ተገላገል፣ ማን ያጣራል?» አለኝ። ልጅቷን እንዳላጣ ፈርቼ የዘር ሐረጌን የጻፍኩበት ወረቀት ላይ ጨመርኩ።

ቅዳሜ ዋይት ሴንተር ሰፈር የልጅቷ ወላጆች ደጃፍ ላይ ስደርስ ግን ውሸቱ ከበደኝ። ሁለቱን ስሞች ሰርዤ በቦታቸው ኮከብ አደረግሁ።

አባቷ መነጽራቸውን አጥልቀው ወረቀቱን እየቆጠሩ አምስተኛው ላይ ቆሙ።

«ይሄ ኮከብ ምንድን ነው?»

«መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ስማቸውን የነገረኝ ግን የለም» አልኳቸው። የአስተማሪዋንም ነገር አጫወትኳቸው።

ወረቀቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ።

«ባለቤቴን ሳገባ ሰባተኛውን አላውቀውም ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከራሴ ፈጥሬ ቆጠርኩ። ሽማግሌዎቹም አሞገሱኝ። ከዚያ ወዲህ ልጅ በታመመ ቁጥር፣ ዘመዴን አግብቼ ይሆን እያልኩ ስብከነከን ኖሬያለሁ። አንተ አልዋሸኸኝም። ልጄን ሰጥቼሃለሁ፤ የቀረውን እግዜር ያውቃል።»

ባለቤታቸው ለካ ጓዳው በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

«የእኔንም ስድስተኛ አያት አባቴ ነው የፈጠረው» አሉ ወደ ባላቸው ዞረው። «ለእርስዎ እንዳልነግር አስምሎኝ ነበር።»