ሳትደፈን የከረመች ስንጥቅ

ሥራ የጀመርሁት ወረታ ነው። በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ኑግ ሊጭን በሚመጣ መኪና ላይ ተቀምጬ ገባሁ። የተቀጠርሁት የጥንት ሕንፃዎችን እየዞረ በሚለካና አሠራራቸውን በሚመረምር አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነበር። መደቤ ረዳት ለኪ ይባላል። አለቃዬ አቶ ሙላት ደግሞ መሐንዲሱም፣ ታሪክ አጥኚውም፣ ሹፌሩም እሳቸው ነበሩ።

በመጀመሪያው ቀን ቱንቢ፣ ሲባጎና የሚጠቀለል ሜትር ሰጡኝና ከከተማው በታች ሜዳው ዳር ወዳለችው ልደታ ማርያም ወሰዱኝ። ክዳኗ ሣር፣ ዙሪያዋ ክብ ነው። ከትምህርት ቤት ትኩስ የወጣሁ ነኝና ስፋቷን አንዴ ለክቼ በኮምፓስ ቁልጭ ያለ ክብ ሣልሁ። ምሳ ሳይደርስ ጨረስሁ ብዬም ኮራሁ።

አቶ ሙላት ወረቀቱን አዩና፣ «ማነው ክብ ነች ያለህ?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ስትታይ ክብ አይደለችም እንዴ?»

«ስትታይማ ክብ ነች። ስትለካስ?»

እንደገና ለመለካት የመቅደሱ ልክ አስፈለገኝ፤ መቅደስ ደግሞ ከካህን በቀር ማንም አይገባም። የቤተ ክርስቲያኗ ገበዝ አባ ገብረ ማርያም የሲባጎውን ጫፍ ይዘው ገቡ፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ሌላውን ጫፍ ያዝሁ።

«አባ፣ ይሳቡት እንጂ!»

«ሳብሁት እኮ! አንተ ነህ ያላላኸው!»

እንዲህ ስንጯጯኽ ዋልን፤ ወዳጅነታችንም ከዚያው ጀመረ። ልኩ ሲሰበሰብ ግን ክብ የሚባል ነገር የለም። የምሥራቁ ግማሽና የምዕራቡ ግማሽ ለየብቻ የታጠፉ ናቸው፤ በደቡብና በሰሜን ሲገናኙ ትከሻቸው አልገጠመም። አቶ ሙላት ደስ አላቸው። «እንግዲህ ዛሬ ሥራ ጀመርህ» አሉኝ።

ደስታቸው ግን ብዙ አልቆየም። በደቡቡ መገናኛ፣ በሴቶች መግቢያ አጠገብ፣ ከክዳኑ እስከ መሠረቱ የወረደች ስንጥቅ ነበረች። እጅ ታስገባለች። ሕዝቡ በየዓመቱ በግንቦት ልደታ ተሰብስቦ በጭድ ጭቃ ይደፍናታል፤ በጋው ሲገፋ ጭቃው ይረግፍና ካምናው ሰፍታ ትገኛለች። አቶ ሙላት ቱንቢ ጣሉ። ግድግዳው ወደ ውጭ አዘንብሏል።

«ይህ ግድግዳ እየወደቀ ነው» አሉ። «ሰው ላይ ሳይወድቅ፣ ክረምቱ እንዳለፈ በመስከረም መፍረስ አለበት። ክዳኑ ያረፈው እሱ ላይ ስለሆነ ክዳኑም ይወርዳል።»

ክዳኑ ከወረደ የመቅደሱ ሥዕሎች ለፀሐይና ለዝናም ይጋለጣሉ ማለት ነው። አባ ገብረ ማርያም ጥምጥማቸውን አስተካከሉና፣ «በእኔ ገበዝነት ፈረሰች ልባል ነው?» አሉ።

አቶ ሙላት ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ፤ እኔ ሥዕሉን እንድጨርስ ወረታ ቀረሁ። ልስኑ በረገፈበት ቦታ ድንጋዩን እያየሁ መሣል ያዝሁ። የምሥራቁ ግማሽ ከተራራ የተፈለጠ፣ ጠርዝ ያለው ድንጋይ ነው። የምዕራቡ ከርብ ወንዝ የተለቀመ ድቡልቡል ነው። በስንጥቋ ላይ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ አንድም ድንጋይ የለም። የተሰበረ ግድግዳ ቢሆን የተሰበረ ድንጋይ ይኖረው ነበር። እነዚህ ድሮውኑ ያልተያያዙ ሁለት ግድግዳዎች ናቸው።

የላይ ሰፈሩን ሽማግሌ አያ ታምሩን ጠየቅኋቸው።

«አባቶቻችን ናቸዋ!» አሉ። «ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ግማሽ ግማሽ ተካፍለው ነው የሠሯት። ሣሩንስ ዛሬም ተካፍለን አይደል የምንከድን?»

«ታዲያ ሲገናኙ ምነው አላያያዙት?»

«የታቾች ድንጋይ እኮ ይንከባለላል፤ እኛ ላይ ምን ያወጣዋል!»

አጠገባችን የነበሩት የታች ሰፈር ተወላጅ አባ ገብረ ማርያም ቀበል አደረጉና፣ «የላዮች ድንጋይ እንደ ባለቤቱ ነው፤ እልፍ በል ቢሉት አይሰማም» አሉ። ሁለቱም ሳቁ። አባቶቻቸው ግን የሳቁ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ያየሁት መሬቱን ነው። ግቢው ዋልካ አፈር ነው፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጠጥቶ ያብጣል። ግድግዳዎቹም አብረውት የሚሸሹና የሚጠጋጉ ከሆነስ? ያን ጊዜ ስንጥቋ በክረምት ራሷ መዘጋት አለባት። የተደፈነው ጭቃ ግን መዘጊያ ቦታ ይነሣትና ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ያዘነበለው በሕዝቡ ጥገና ነው ማለት ነው!

አቶ ሙላት በወረታ ሲያልፉ ነገርኋቸው። «ጥሩ ግምት ነው፤ ግን ግምት ነው» አሉ። «እስከ መስከረም አሳየኝ። ካላሳየኸኝ ትፈርሳለች።»

ለማሳየት ስንጥቋ ሳትደፈን መክረም ነበረባት። የሚወስኑት ደግሞ አባ ናቸው። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ፣ «እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። «አይደለሁም፣ አባ» አልሁ። ስንጥቋን በመዳፋቸው ዳብሰው ሄዱ።

በልደታ ዕለት ሕዝቡ ጭቃውን አቡክቶ ተሰለፈ። አባ ስንጥቋ ፊት ቆሙና፣ «ዘንድሮ አይደፈንም» አሉ። ግቢው ተናጋ።

«አባ፣ ዝናም እየገባ ክፍቷን ልንተዋት ነው?» አሉ አያ ታምሩ።

«ውኃ እንዳይገባ ሰሌን እንጋርዳለን። ጭቃው ግን ይቅር።»

«ብትወድቅስ?»

«ልትፈርስ ቀን ተቆርጦላት የለም እንዴ! ከዚህ የባሰ ምን እንዳይደርስባት ትፈራላችሁ?»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። የተቦካው ጭቃ የመሥዋዕቱ ኅብስት ለሚጋገርበት ለቤተልሔሙ ግድግዳ ዋለ። እኔም የወይራ ሽብልቅ ጠርቤ ስንጥቋ ውስጥ ልል አድርጌ አስቀመጥሁ። በሁለት ጣት ይወጣ ነበር። አባ «ምስክር» ብለው ስም አወጡለት።

ሐምሌ ላይ ርብ ሞላ፤ ሜዳው ሐይቅ ሆነ። ወረታ ተቀምጬ ዝናም ሲመታ ባዳመጥሁ ቁጥር፣ የሚናድ ድንጋይ የምሰማ ይመስለኝ ነበር። ውኃው መንገዱን ስለዘጋው ሄጄ ማየት አልቻልሁም። በፍልሰታ ጾም ግን የታንኳ ቀዛፊ ለምኜ ተሻገርሁ።

አባ ከሩቅ አዩኝና ካባቸውን ሰብስበው ጮኹ። «ና! ና እስቲ ይኸን ምስክርህን ንቀለው!»

ሽብልቁን በሁለት እጄ ያዝሁት። ንቅንቅ አይልም። አያ ታምሩ ወገቤን ይዘው ሳቡኝ፤ አሁንም እንቢ አለ። ከሽብልቁ በላይም በታችም ስንጥቋ እርሳስ አታስገባም። አለቀስሁ ብል ውሸት ነው፤ ጭቃው ላይ ዘለልሁ። አባ ግን ግድግዳዋን ተሳልመው አለቀሱ።

አቶ ሙላት በመስከረም ውኃው ሲጎድል መጡ። ሽብልቁን መንቀል አቃታቸው። ቱንቢ ጣሉ፤ ማዘንበሉ አልጨመረም። ሣቃቸውን ለቀቁት። «በመጣሁ ቁጥር እኮ በጋ ነው!» አሉ። «የአገሩ መንገድ በበጋ እንጂ መች ያስገባኛል!» ማፍረሱን እዚያው ሰረዙት። በምትኩ ውኃ ማራቂያ ቦይ ዙሪያዋን እንዲቆፈር አዘዙ፤ ስንጥቋ ክፍቷን ትቀመጥ፣ ሳንቃ ትልበስ፣ ግድግዳዎቹ እንዲንቀሳቀሱም ሳንቃው በአንድ ወገን ብቻ በምስማር ይመታ አሉ።

በየትኛው ወገን ይመታ ተብሎ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ቀኑን ሙሉ ተከራከሩ። በመጨረሻ አባ መዶሻውን ወሰዱና በላዮች ግድግዳ ላይ መቱት። አያ ታምሩ ሲደሰቱ አባ፣ «ያንተ ድንጋይ ቦታ አይለቅም ብዬህ የለ?» አሏቸው።

አባ ገብረ ማርያም ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። በእሳቸው ገበዝነት አልፈረሰችም።

እኔም ከረዳት ለኪነት እስከ ክፍል ኃላፊነት ስደርስ ብዙ ሕንፃ ለካሁ። አዲስ ለኪ ሲመጣልኝ የምነግረው ይህንኑ ነው፦ ሕንፃን በበጋ ብቻ አይተህ አትፍረድበት፤ ክረምቱንም አብረኸው ክረም።