እትዬ ማርታ ያስታረቁን፣ እኛም ያሳፈርናቸው ቀን

እትዬ ማርታ ላሚሶ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሐዋሳ በሚገኘው ቤታቸው፣ ልጃቸው አልማዝ እጃቸውን ይዛ እንደተቀመጠች ዐርፈዋል። ቅዳሜ ቀበርናቸው። ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጁ፣ ከላይ ሰፈር ነጋዴውና አስተማሪው፣ ድሮ ቁስላቸውን ያጠቡላቸው ሰዎችና የእነዚያ ሰዎች ልጆች ሁሉ መጥተው ስለነበር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ የቆመው ሕዝብ ከውስጡ ይበልጥ ነበር። በሩቅ ላላችሁና ላልሰማችሁ ወዳጆቻቸው ሐዘኑ በዚህ ይድረሳችሁ።

የምጽፈው ግን መርዶ ለማድረስ ብቻ አይደለም። በቀብሩ ላይ ሦስት ሰዎች ተነሥተው ስለ ደግነታቸው ተናገሩ። የተናገሩት እውነት ነው። ሦስተኛው ተናጋሪ ግን «እትዬ ማርታ ለሰላምና ለውሃ ሲታገሉ ሕዝቡ ሁልጊዜ ከጎናቸው ነበር» አለ፤ ሰዉም ራሱን እየነቀነቀ ተስማማ። ከኋላ ቆሜ ስሰማ ደሜ ፈላ። ከጎናቸው አልነበርንም። ያን ጊዜ የቀበሌው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

ለማያውቋቸው ላስተዋውቅ። እትዬ ማርታ ከቱላ ወዲያ ባለ የገጠር መንደር ተወልደው፣ በሚሲዮን ክሊኒክ የድሬሰርነት ሙያ ተምረው፣ ከሐይቁ ዳር ብዙም በማይርቅ ትንሽ ክሊኒክ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አጭር፣ ፈጣን፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሴት ነበሩ። ክሊኒኩ በር ላይ ባለሥልጣንም ሆነ ባለጠጋ ቀድሞ ልግባ ካለ «ደም የሚፈሰው ይቅደም፤ የሚያወራው ይቆይ» ይሉት ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ እጃቸው በመረብና በመንጠቆ ሲቆረጥ፣ ያጠመዱት ዓሣ ሳይሸጥ እንዳይበላሽ ብለው ወደ ክሊኒክ አይመጡም ነበር። እሳቸው በሻይ ሰዓታቸው አዮዲንና ፋሻ በዘንቢል ይዘው ራሳቸው ወደ አሞራ ገደል ይወርዳሉ። ተንበርክከው ሲያጥቡ፣ ሲያስሩ፣ ሲቆጡ ስንቴ አይቻቸዋለሁ።

የኛ ቀበሌ ሁለት ሰፈር ነበረው። ታች ሰፈር ዓሣ አጥማጁና የቀን ሠራተኛው፣ አብዛኛው ሲዳማ፤ ላይ ሰፈር ደግሞ እንደ አባቴ ከሸዋና ከሌላም አገር ለመንግሥት ሥራና ለንግድ የመጣው። ለሁለቱም የነበረው የውሃ ቦኖ አንድ ነው። በበጋ ውሃው የሚመጣው ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። አንድ ቀን በወረፋ የተነሣ አንዲት ሴት የሌላዋን ባልዲ በእግሯ ገፋች። ሴቶቹ ተያያዙ። ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ዱላ ይዘው ወጡ። በዚያ ድብድብ የላይ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ አቶ ጥላሁን የግራ ዓይኑን አጣ። የመታው ዱካሞ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ የእሱም ራስ ተፈንክቷል። ሁለቱም እትዬ ማርታ ክሊኒክ ውስጥ ባንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ቦታ ቀይሩልኝ» አለ አቶ ጥላሁን።

«ሌላ ወንበር የለኝም» አሉት። «ሌላ ክሊኒክም የለንም።»

ነገሩ በዱላ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ዘመኑ ክፉ ነበር። በምሥራቅ ጦርነቱ የተፋፋመበት፣ በከተማው ውስጥ አንድ ሰው ስለ ጎረቤቱ የሚናገራት አንዲት ቃል ነፍስ የምታጠፋበት ጊዜ ነው። የላይ ሰፈር ሰው «ታች ሰፈር ፀረ አብዮተኛ ይደብቃል» ብሎ ጠቆመ። ታች ሰፈርም «እነሱ እህል ይደብቃሉ» ብሎ መለሰ። ከሁለቱም ወገን ሰዎች ተወሰዱ፤ ጥቂቶቹ አልተመለሱም። ጥቆማውን በወረቀት ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሰፈሮቹ ቀብር እንኳ መቀባበር ተዉ። የዱካሞ እናት ስትሞት ከላይ ሰፈር የመጣ አንድም ሰው አልነበረም። እትዬ ማርታን ያስነሣቸው ይህ ነው።

ስምንት ወር ሙሉ ቤት ለቤት ዞሩ። ከሥራ ሲወጡ ነጭ ገዋናቸውን እንደለበሱ አንዱን ቤት ያንኳኳሉ፤ ይባረራሉ፤ በሳምንቱ ተመልሰው ያንኳኳሉ። በመጨረሻ ከቱላ ሁለት የሲዳማ ሽማግሌዎች፣ ከላይ ሰፈርም ሁለት የተከበሩ ሰዎች ይዘው ሁለቱን ወገኖች ለዕርቅ አስቀመጡ። የሲዳማ ሽማግሌ ነገር ሲጀምር «አፊኒ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰምታችኋል ወይ ማለት ነው። ሰምቻለሁ ያላለ ወደሚቀጥለው አያልፍም። እኔም እንደ ጸሐፊ እንድገኝ ጠይቀውኝ ተቀምጬ ነበር። አቶ ጥላሁን ስለ ዓይኑ ሲናገር ዱካሞ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ዱካሞ ስለ እናቱ ቀብር ሲናገር ደግሞ አቶ ጥላሁን በቀረችው ዓይኑ አለቀሰ። ለመታረቅ ተስማሙ።

«ዕርቁ በአደባባይ ይሁን» አሉ እትዬ ማርታ። «የተጣላነው በአደባባይ ነው። ደግሞ ነገ ያው አንድ ቦኖ ጋ ነው የምንሰለፈው። ሁለተኛ ቦኖ ካላስተከልን ይህ ዕርቅ እስከሚቀጥለው በጋ ነው።»

ሴቶቹን አስተባብረው የውሃ ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቧንቧውን ሕዝቡ ከገዛ መስመሩን እንዘረጋለን ብሏቸዋል። ስለዚህ ቀኑ ሁለት ነገር እንዲሆን ታሰበ፤ የሰላም በዓልና ለቧንቧው መዋጮ የሚሰበሰብበት። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩላቸውና የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ አብረን ገባን።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለ። «የሰላም በዓል? አገር ጦርነት ላይ ናት። ከማን ጋር ነው ሰላም የምታደርጉት?»

«ከጎረቤቶቻችን ጋር» አሉ።

«ይህን ስም ማን ፈቀደላችሁ?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኛ የተጣላነው በባልዲ ነው። ስለ ባልዲ ለመታረቅ የማን ፈቃድ ይጠየቃል?»

ሦስት ጊዜ አመላለሳቸው። አንዴ ስሙ ይለወጥ አለ፤ አንዴ የተናጋሪዎች ዝርዝር ይምጣ አለ፤ አንዴ ደግሞ ማኅተሙ ተቆልፎበታል ተባለ። ማኅተሙ በኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሊቀመንበሩ ሲያየኝ መሳቢያውን ቆለፍኩት። በመጨረሻ «የሰላም በዓል» የሚለው ተሠርዞ «የነዋሪዎች የትብብር ቀን» ተብሎ ተፈቀደ። እትዬ ማርታ ወረቀቱን ተቀብለው «የፈለጋችሁትን በሉት፤ ብቻ ይምጡ» አሉ።

መጡ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው ሜዳ ላይ ታች ሰፈርና ላይ ሰፈር ከድብድቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደባልቀው ቆሙ። ሊቀመንበሩ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ግራ እጃችንን እያነሣን መፈክር አሰማን፤ ፀሐዩ አናታችንን በላው። ሽማግሌዎቹ እንዲናገሩ ቃል ተገብቶላቸው ነበር፤ ሰዓት የለም ተብለው ተከለከሉ። ዱካሞና አቶ ጥላሁን ግን ማንም ሳይጠራቸው ከየወገናቸው ወጥተው መሐል ሜዳ ላይ ተቃቀፉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ለዚያች ቅጽበት ሊቀመንበሩም፣ ድምፅ ማጉያውም፣ ሰንደቁም የሌሉ መሰለኝ።

ቀጥሎ ለቧንቧው መዋጮ ጨረታ ሆነ። ታች ሰፈሮች ክንድ የሚያህል አምባዛ ዓሣ አቀረቡ። ላይ ሰፈር ብዙው ሰው ቅርፊት የለውም ብሎ አምባዛ አይበላም። አቶ ጥላሁን ግን እጁን አንሥቶ ዋጋ ጨመረ፤ ሌላው አከለበት፤ ሳቅ ሆነ፤ በመጨረሻ ለአቶ ጥላሁን ወጣለት። «እንዴት ነው የምትበላው?» ሲሉት «ዱካሞ ይበላልኛል፤ እኔ አያለሁ» አለ። አለኝ የሚለው ሁሉ ሰጠ፤ የሌለው ዶሮ አመጣ፣ ሰፌድ አመጣ።

ሊቀመንበሩ ያን ጊዜ ማጉያውን መልሶ ያዘ። «የቀበሌያችን ሕዝብ በሙሉ ፈቃዱ ያዋጣውን ለግንባር ስንቅ አበርክቷል» አለ። አስቀድሞ የተነገራቸው ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

እትዬ ማርታ በሕዝቡ መሐል አቋርጠው ወደ መድረኩ ወጡ። አልጮኹም። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሕዝቡ የሰጠው ለውሃ ነው። ይጠየቅ» አሉ። ወደኛም ዞሩ። «ለቧንቧ የሰጠ እጁን ያንሣ።»

ከዱካሞ በቀር እጁን ያነሣ አልነበረም። አቶ ጥላሁን ሚስቱ ክንዱን ጭምቅ አድርጋ ይዛው ሲታገላት አየሁ፤ ቆይቶ እሱም አነሣ። ያ ሁሉ ሕዝብ መሬት መሬት ያይ ነበር። ስምንት ወር በራቸው ሲንኳኳላቸው የኖሩ ሰዎች! እትዬ ማርታ «እሺ» አሉና ወርደው፣ የተበተነውን ወንበር መሰብሰብ ጀመሩ።

ሰኞ ተወሰዱ። «ሰላም በሚል ሽፋን የሕዝቡን ትኩረት ከግንባር ለማዞር ሞክራለች» የሚለውን የክስ ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ሞክራለች» ብዬ ስጽፍ እንኳ ብዕሬን አላቆምኩም። ዛሬም ድረስ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

አራት ወር በቀበሌው እስር ቤት ቆዩ። በእነዚያ አራት ወራት ያየሁትን ነገር በቀብሩ ላይ የተናገረ የለም፤ ስለዚህ እኔ እናገራለሁ። ምሳቸውን አንድ ቀን ዱካሞ፣ አንድ ቀን አቶ ጥላሁን ያመላልሱላቸው ነበር። ሁለቱ ተራ ይዘው ነበር። ዱካሞ ወደ ሐይቁ የሚገባ ቀን አቶ ጥላሁን ይተካለታል፤ አቶ ጥላሁን ሥራ ሲበዛበት የዱካሞ ሚስት ትመጣለች። ዘበኛው የምግቡን ሳህን እየፈተሸ ሲያጉላላቸው ሁለቱ በሩ ላይ ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለው ሲጠብቁ በመስኮት አያቸው ነበር። ዕርቁን ሊቀመንበሩ በንግግሩ ሊያፈርሰው ሞከረ፤ እኛም በፍርሃታችን። ያቆዩት እነሱ ናቸው።

ሲፈቱ ቤታቸው ሄድኩ። ሦስት ቀን የተለማመድኩትን ይቅርታ ልጀምር ስል እጃቸውን አነሡ።

«ሰይፉ፣ ይቅርታህን ሰምቻለሁ። አሁን ቁጭ በል። አጻጻፍህ ጥሩ ነው። የቦኖውን ማመልከቻ እንደገና ጻፍልኝ።»

«እትዬ፣ እንደገና?»

«ውሃው መጣ እንዴ?»

ጻፍኩ። በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ማመልከቻ እንደጻፍኩ አላስታውስም። ቦኖው በስተኋላ ተተከለ። ያው ሊቀመንበር ሪባን ቆረጠ፤ ያው ሊቀመንበር ፎቶ ተነሣ። ስለ ኮሚቴው ሴቶች አንድ ቃል አልተነገረም። እትዬ ማርታ ጀሪካናቸውን ይዘው ከሰልፉ መጨረሻ ቆመው ነበር። ቅደሙ ብላቸው «ወረፋ አለ» አሉኝ። የዚያን ዕለት የተናደድኩት ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እሳቸው ግን ውሃቸውን ቀድተው ሄዱ።

እነዚህን ሁሉ የምጽፈው እትዬ ማርታን ከሞቱ በኋላ ለማስመሰገን አይደለም። ምስጋና ሞልቷል፤ ቅዳሜ ዕለት ሰማነው። የጎደለው እውነቱ ነው። ብቻቸውን ነው ያቆምናቸው። እሳቸው አላማረሩብንም፤ ያ ግን እኛን ነፃ አያወጣንም።

ከመሞታቸው በፊት በነበረው ሳምንት ልጠይቃቸው ገብቼ ነበር። ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። ስለ ሕመማቸው ስጠይቅ ስለ ቱላ ሴቶች ነገሩኝ። ለጤና ጣቢያቸው አዋላጅ እንዲመደብላቸው እየጠየቁ ነው፤ መልስ የሚሰጥ ጠፍቷል፤ እናቶች በመንገድ ላይ ይወልዳሉ። «ሴቶቹ በየማክሰኞው ወደ ጤና ቢሮው ይሄዳሉ፤ እኔ አልችልም» አሉ። አልጠየቁኝም። እኔም እሄዳለሁ ሳልል ተሰናብቼ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬም!

እትዬ ማርታ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። እዚያ ወረፋም፣ ማኅተምም፣ ሊቀመንበርም የለም ብዬ አምናለሁ። ካለም እርስዎ ያስተካክሉታል። አልማዝ ደህና ናት፤ ዱካሞ ቤቱን ለእንግዳ ለቋል፤ የአቶ ጥላሁን ልጆች ድንኳኑን ተክለዋል፤ ስለኛ አያስቡ። በሕይወት እያሉ ያልነገርኩዎትን አሁን ልንገርዎት። ማክሰኞ ጠዋት ቱላ ወርጄ ከሴቶቹ ጋር ወደ ቢሮው እገባለሁ። የሚናገሩት እነሱ ናቸው፤ እኔ ጽፌ አልወጣም፣ አብሬያቸው እቆማለሁ። ውጡ ካሉንም ከእነሱ ጋር እወጣለሁ፤ በሳምንቱም ከእነሱ ጋር እመለሳለሁ።